ባለቅኔው መምህር በምን ይመዘን?

አንድ ባለቅኔ ዕድሜውን በማስተማር ሲያሳልፍ ከሰው ዘንድ የሚደርሰው ፍርድ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ዐይነት ነው፤ «ምን ያደርጋል! ዘመኑን ጠመኔ ፈጀው እንጂ ስንት በጻፈ ነበር!» ይባላል። ይህን አነጋገር ከመምህራንም አፍ፣ ከእኛው ከተማሪዎቹም አፍ ደጋግመን ሰምተነዋል። ሲሰሙት ለባለቅኔው ያዘነ ይመስላል፤ ነገር ግን የሰውየውን ሥራ በመጻሕፍቱ ቍጥር ብቻ ይለካል፤ በማስተማር ያለፈውንም ጊዜ ከግጥሙ እንደ ተሰረቀ አድርጎ ይቈጥረዋል። እኛ በዚህ ፍርድ አንስማማም። የማንስማማበትንም ምክንያት ሁላችንም በምናውቀው በአንድ ሰው የሥራ ዘመን እናስረዳለን።

ደበበ ሰይፉ በ1942 ዓ.ም. በይርጋለም ተወለዱ፤ በ1992 ዓ.ም. ዐረፉ። ከዚህ የኀምሳ ዓመት ዕድሜ ውስጥ ብዙውን የሥራ ዘመናቸውን ያሳለፉት በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥነ ጽሑፍና የቴአትር ጥበብ በማስተማር ነው። «የብርሃን ፍቅር» የተባለው የግጥም መድበላቸው የታተመው በ1980 ዓ.ም.፣ ማለት አርባ ዓመት ሊሞላቸው ጥቂት ሲቀራቸው ነበር። ሌላው መድበላቸው «ለራስ የተጻፈ ደብዳቤ» ይባላል። ተውኔቶችንም ጽፈዋል። መጽሐፍ እየቈጠረ ለሚፈርድ ሰው ይህ ጥቂት ነው፤ «ጠመኔ ፈጀው» ለሚለውም ጥሩ ምስክር ይመስለዋል።

ነገር ግን መድበሉ ከመታተሙ 7 ዓመት ቀደም ብለው፣ በ1973 ዓ.ም.፣ «የቴአትር ጥበብ ከጸሐፌ ተውኔቱ አንጻር» የተባለ መጽሐፍ አውጥተው ነበር። አንባቢ ርእሱን ልብ ይበል። ከተመልካቹ አንጻር አላሉም፤ ከሐያሲውም አንጻር አላሉም፤ ብዕር ከያዘው ሰው አንጻር አሉ። ይህ ተውኔት ለመጻፍ ለሚነሣ ወጣት የታሰበ መጽሐፍ ነው። የተሠራውን ቤት ከውጭ እያዞሩ የሚያሳዩ ብዙዎች ናቸው፤ ማገሩ እንዴት እንደሚያያዝ፣ ምሰሶው የት እንደሚቆም የሚያሳይ ግን እጁ ጭቃ የነካው ሰው ብቻ ነው።

ሌላም ነገር አለ። በከፍተኛ ትምህርት ቤቶቻችን የሚማሩት በእንግሊዝኛ ስለ ነበር፣ አንድ ተማሪ የአማርኛ ልብ ወለድ አንብቦ ስለ አነበበው ነገር ሊናገር ሲነሣ ቃል ያጣ ነበር። ታሪኩን በአማርኛ ያነበዋል፤ ሊመረምረው ሲል ወደ ባዕድ ቋንቋ ይሰደዳል። ዛሬ «መቼት» ስንል «መቼ» እና «የት» የሚሉት ሁለት ጥያቄዎች በአንድ ቃል ተጋብተው እናገኛቸዋለን፤ «ገጸ ባሕርይ» ስንልም ማንም ሳይተረጕምልን ይገባናል። እነዚህና እነዚህን የመሳሰሉ ቃላት በደበበ ሰይፉ ስም ይነገራሉ። በፈተና ወረቀታችን ላይ በየጊዜው እንጽፋቸዋለን፤ ከማን እንደ ተቀበልናቸው ግን የሚያስታውስ ጥቂት ነው። እንግዲህ እንጠይቅ፤ ትውልድ ሁሉ የሚያስብበትን ቃል መስጠት ከባለቅኔ ሥራ ውጭ ነውን? ቃል መፍጠርማ የባለቅኔ የመጀመሪያ ሥራው ነው! በመድበሉ ውስጥ ሲያደርገው ግጥም ካልነው፣ በክፍል ውስጥ ሲያደርገው «ጊዜ ማባከን» የምንለው በምን ሚዛን ነው?

እዚህ ላይ አንዳንድ ባልንጀሮቻችን «ግጥም ተሰጥዎ ነው፤ የሌለው ተምሮ አያገኘውም፤ የፈጠራ ጽሑፍ ትምህርት የሚባለውም ከፈረንጅ አገር የመጣ ፋሽን ነው» ይሉናል። የፊተኛው እውነትነት አለው። ተሰጥዎ በክፍል ውስጥ አይታደልም። የኋለኛው ግን የገዛ አገርን ታሪክ አለማወቅ ነው። የፈጠራ ጽሑፍ ትምህርት በዋሸራ፣ በጎንጅና በዋድላ ብዙ ዘመን ኖሮአል፤ ስሙም ቅኔ ቤት ይባላል። የቅኔ ተማሪ ግሱን ያጠናል፤ አገባቡን ይማራል፤ መምህሩ የዘረፈውን ቅኔ ሰምና ወርቁን ለይቶ ይሰማል። ነገር ግን በዚህ ብቻ ተማሪ አይባልም። ዱር ገብቶ፣ ከዛፍ ሥር ተቀምጦ፣ የራሱን ቅኔ መቍጠር አለበት። ከሁለት ቤት ጉባኤ ቃና ጀምሮ፣ በዘአምላኪየና በሚ በዝኁ አልፎ፣ ዋዜማውንና ሥላሴውን ተሻግሮ፣ ስምንት ቤት ያለው መወድስ እስኪደርስ በየደረጃው ይወጣል። የቈጠረውንም ለመምህሩ ይነግራል፤ መምህሩም የጎበጠውን ያቃናል፤ ቤት ያልመታውን ይመልሳል። የትናንቱን ቅኔ ዛሬ መድገም ነውር ነው። የሌላውን ማነብነብ ደግሞ ከነውር በላይ ነው።

ቅኔ ቤት የገባ ሁሉ ታላቅ ባለቅኔ ሆኖ አልወጣም። ሆኖም ቅኔ ቍጠር ተብሎ ያደረ ሰው የሌላውን ቅኔ ሲሰማ ጆሮው ሌላ ነው፤ የቱ ጋ እንደ ተደከመ፣ የቱ ጋ እንደ ተቀለደ ያውቃል። የባለቅኔ መምህር ጥቅሙ ይኸው ነው። ከመቶ ተማሪ አንድ ገጣሚ ቢወጣ እሰየው፤ ዘጠና ዘጠኙ ግን በከንቱ አልደከሙም፤ የሚያዳምጥ ጆሮ ይዘው ይወጣሉ። አንባቢ የሌለው ገጣሚ ደግሞ በገደል ማሚቶ የሚጽናና ሰው ነው።

አሁን ወደ ራሳችን እንመለስ። ዛሬ ብዙዎቻችን ሥነ ጽሑፍ የምንማረው እንዴት ነው? የግጥምን ዐይነቶች ትርጕም እንጽፋለን፤ የስንኝን ክፍሎች እንዘረዝራለን፤ የደራሲያንን የልደት ዘመን እናጠናለን፤ ፈተናውንም እናልፋለን። አንድም ስንኝ ሳንቋጥር ግን በሥነ ጽሑፍ ዲግሪ እንቀበላለን! ዋና ሳይሞክር የዋናን መጽሐፍ የሸመደደ ሰው ወንዝ ዳር ሲቆም ምን እንደሚውጠው መገመት አያዳግትም። በሌላ በኩል የሚጽፉት ጓደኞቻችን አሉ፤ በግጥም ምሽት ያነባሉ፤ ይጨበጨብላቸዋል። ጭብጨባ መልካም ነው፤ ግን አያርምም። ቤት ያልመታውንም የመታውንም እኩል ይቀበላል። ስለዚህ የሚማረው አይጽፍም፤ የሚጽፈው አይታረምም። በሁለቱ መካከል ሊቆም የሚችለው ሰው ባለቅኔው መምህር ነው።

ሚዛን እንዳናጎድል ግን የወዲያኛውንም ወገን ክርክር እንመልከት። አንድ ሰው በየሳምንቱ የብዙ ተማሪዎችን ወረቀት እያረመ፣ ማታ ቤቱ ገብቶ ግጥም ይጽፋል ማለት ቀላል አይደለም። «ጠመኔ ፈጀው» የሚሉትም ይህን አይተው ነው፤ ድካሙን በማየታቸው አንወቅሳቸውም። ነገር ግን መድኀኒቱ ባለቅኔውን ከክፍል ማስወጣት አይደለም። ሸክሙን ማቅለልና ሥራውን እንደ ሥራ መቍጠር ነው። የመምህር ማዕረግ ሲመዘን ጥሩ የግጥም መድበል ከጥሩ የጥናት ጽሑፍ ጋር በአንድ ሚዛን ይቀመጥ። የአንድ ተማሪን ግጥም ቍጭ ብሎ ማረም ክፍል ገብቶ አንድ ሰዓት ከማስተማር እኩል ይታሰብ። ይህ ሳይሆን ቀርቶ ባለቅኔ መምህራን ቢደክሙ፣ የፈጃቸው ጠመኔው ሳይሆን ንፉግነታችን ነው።

እንግዲህ ነገራችንን ወደ ተግባር እንመልሰው። አንደኛ፣ በእያንዳንዱ የሥነ ጽሑፍ ትምህርት ተማሪው ራሱ የሚጽፈው አንድ ሥራ ይኑር፤ ነጥብም ይያዝበት። ሁለተኛ፣ የተማሪዎች ማኅበራችን በሳምንት አንድ ሰዓትና አንድ ክፍል ይጠይቅ፤ በዚያም ጭብጨባ ተከልክሎ ግጥም ይነበብ፤ ገጣሚ የሆነ መምህርም ይረመው። ሦስተኛ፣ ይህችው መጽሔታችን የተማሪን ግጥም ስታወጣ ከጎኑ የመምህሩን አስተያየት ታውጣ፤ ሙገሳውንም ወቀሳውንም። የሚያስፈራው ሰው ካለ በቅኔ ቤት ዛፍ ሥር ተቀምጦ መምህሩን የሚጠብቀውን፣ ቍራሽ ለምኖ የሚያድረውን ተማሪ ያስታውስ፤ እርሱም ይፈራ ነበር፤ ግን በነጋታው ሌላ ቅኔ ይዞ ይመለስ ነበር።

«ስንት መጽሐፍ ጻፈ?» የሚለውን ጥያቄ አንከለክልም። ከእርሱ ቀጥሎ ግን «ስንት ሰው አጻፈ? ስንት ጆሮ ከፈተ? በየትኛው ቃሉ እናስባለን?» ተብሎ ይጠየቅ። ያን ጊዜ ስለ ደበበ ሰይፉና ስለ መሰሎቻቸው የምንሰጠው ፍርድ የቀና ይሆናል፤ ከእኛም መካከል ነገ ጠመኔ ለሚያነሣው ባለቅኔ መንገዱ ይጠረግለታል።