«ፎርማት ይደረግ» ከማለታችን በፊት

ባለፈው ሰኔ አንዲት ተመራቂ ተማሪ ላፕቶፕዋን ታቅፋ ወደ ሥራ ቦታዬ መጣች። አራት ኪሎ አካባቢ ኮምፒውተር መጠገን ከጀመርኩ 11 ዓመት ሆኖኛል፤ የሰኔን ተማሪ ፊት አውቀዋለሁ። ገና ሳትቀመጥ «ጋሼ፣ የጠፋ ፋይል ይመለሳል?» አለችኝ።

ላፕቶፕዋ ላይ ዊንዶውስና ኡቡንቱ የተባለው የሊኑክስ ሲስተም ጎን ለጎን ተጭነው ነበር። ኡቡንቱን ለአንድ ኮርስ ብላ የጫነችው ነው። ኮርሱ አልቆ ቦታ ሲጠብባት ዊንዶውስ ውስጥ ገብታ ኡቡንቱ ያለበትን የዲስክ ክፍል (ፓርቲሽን) አጠፋችው። በማግስቱ ስታበራው ጥቁር ስክሪን ላይ «ግረብ ሬስኪው» የሚል ጽሑፍ ብቻ መጣ። ደንግጣ አንድ ጥገና ቤት ወሰደችው። ባለሙያው አየት አድርጎ «ሲስተሙ ወድቋል፣ ፎርማት ይደረግ» አላት፤ እሺ አለች። ከሰዓት በኋላ አዲስ ዊንዶውስ ተጭኖ ተመለሰላት። የመመረቂያ ጽሑፏ የለም።

የዚያች ልጅ ዊንዶውስ ምንም አልሆነም ነበር። ግረብ ማለት ኮምፒውተሩ ሲነሳ «የትኛውን ልክፈት?» ብሎ የሚጠይቅ ትንሽ ፕሮግራም ነው። ከፊሉ የሚቀመጠው በኡቡንቱ ፓርቲሽን ውስጥ ስለሆነ፣ ፓርቲሽኑ ሲጠፋ የቀረውን አካሉን ፈልጎ ያጣና እዚያው ይቆማል። ዊንዶውስ ግን የራሱ ማስነሻ አለው። ላፕቶፑ ሲበራ ኤፍ 12ን፣ በሌላው ሞዴል ኤፍ 9ን ወይም ኢስኬፕን ተጭኖ፣ ከሚመጣው ዝርዝር «ዊንዶውስ ቡት ማናጀር» የሚለውን መምረጥ ይበቃት ነበር። ለዚህ 2 ደቂቃ አይፈጅም።

ሁለት ቀን ሙሉ ሞከርኩላት። በድሮው ሃርድ ዲስክ ቢሆን ፎርማት ከተደረገ በኋላም ብዙ ነገር ፈልጎ ማውጣት ይቻላል። የእሷ ኤስኤስዲ ነው፤ ኤስኤስዲ ደግሞ ፎርማት ሲደረግ «ይህ ቦታ ነፃ ነው» ተብሎ ስለሚነገረው ብዙውን ጊዜ ራሱን ያጸዳል። የተረፋት ለአማካሪዋ በኢሜይል የላከችው የመጀመሪያ ሁለት ምዕራፍ ብቻ ነበር።

ለሙያ ባልደረቦቼ በግልጽ መናገር እፈልጋለሁ፦ ፎርማትን የሁሉ በሽታ መድኃኒት አድርገነዋል። ምክንያቱ አይጠፋኝም። ወረፋ አለ፣ ደንበኛ ይቸኩላል፣ ፎርማት ደግሞ ምርመራ አይጠይቅም፤ ፍላሽ ሰክቶ መጠበቅ ነው። ይሁን እንጂ ሳይመረምሩ መደምሰስ ጥገና አይባልም።

በትንሹም ነገር ያው ነው። «ሰዓቱ ይዛባብኛል» ብሎ የእናት ቦርዱን ባትሪ ሁለት ጊዜ ያስቀየረ ደንበኛ ነበረኝ። ኡቡንቱ በኮምፒውተሩ የውስጥ ሰዓት ላይ የሚጽፈው የግሪንዊችን ሰዓት ነው፤ ዊንዶውስ ደግሞ እዚያ ያገኘውን የአገር ሰዓት ነው ብሎ ያነባል። እኛ ግሪንዊችን በ3 ሰዓት ስለምንቀድም፣ ከኡቡንቱ ወደ ዊንዶውስ ሲዛወሩ ሰዓቱ 3 ሰዓት ወደ ኋላ ይቀራል። ባትሪው የሞተ ኮምፒውተር ዓመታት ወደ ኋላ ይመለሳል እንጂ ልክ 3 ሰዓት ቆጥሮ አይስትም። ኡቡንቱ የአገር ሰዓት እንዲጽፍ በአንድ ትእዛዝ ማስተካከል ይቻላል።

በትልቁም እንዲሁ ነው። እ.ኤ.አ. ኦገስት 13 ቀን 2024 ማይክሮሶፍት ያወጣው የደኅንነት ማሻሻያ፣ ቀዳዳ ያለባቸውን የቆዩ የሊኑክስ ማስነሻዎች ሴኪዩር ቡት (ያልታመነ ማስነሻ እንዳይሠራ የሚከለክለው ጥበቃ) እንዳይቀበላቸው የሚያደርግ ነበር። ሁለት ሲስተም ያለባቸውን ኮምፒውተሮች እንዳይነካ ቢታሰብም አንዳንዶቹን ሳይለይ ቀረ፤ በየአገሩ ሊኑክስ አልነሳም አለ። ስክሪኑ ላይ የሚወጣው «ከባድ ችግር ተፈጥሯል» የሚል መልእክት ያስበረግጋል። መፍትሔው ሴኪዩር ቡትን ለጊዜው አጥፍቶ፣ ኡቡንቱ ገብቶ አዲሱን ገደብ በትእዛዝ መሰረዝ፣ ኡቡንቱን አዘምኖ ሴኪዩር ቡትን መልሶ ማብራት ነበር። የሰዎቹ ፋይል እንዳለ ነበር። (ሴኪዩር ቡትን ከመንካታችሁ በፊት ግን ዲስኩን የሚቆልፈው ቢትሎከር መብራቱን እዩ። በርቶ ከሆነ ዊንዶውስ ባለ48 አሃዝ ቁልፍ ሊጠይቃችሁ ይችላል፤ ቁልፉ ከሌለ ፋይሉም የለም። ብዙ ጊዜ ማይክሮሶፍት አካውንታችሁ ውስጥ ታገኙታላችሁ።)

ጉዳዩ ዘንድሮ ይበልጥ ያሳስበኛል። የዊንዶውስ 10 ድጋፍ እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 14 ቀን 2025 አብቅቷል፤ ዊንዶውስ 11 ደግሞ በደንቡ ቲፒኤም 2.0 የተባለው የደኅንነት ቺፕ የሌለውን ኮምፒውተር አይቀበልም። አሮጌ ላፕቶፕ ይዘው እኔ ዘንድ የሚመጡ ተማሪዎች ኡቡንቱን በላዩ መደረብ ጀምረዋል። ጥቁር ስክሪን የሚያጋጥመው ሰው ይበዛል ማለት ነው።

ዊንዶውስም ኡቡንቱም ባይነሱ እንኳ መንገድ አለ። ኡቡንቱ ያለበትን ፍላሽ ሰክቶ፣ ሳይጭኑ «ልሞክረው» የሚለውን መርጦ መግባት፣ ከዚያ ፋይሉን ወደ ውጭ ዲስክ መገልበጥ ነው። ዲስኩ ካልተበላሸና ካልተቆለፈ ማንኛውም ጠጋኝ ሊሠራው ይችላል።

ስለዚህ ወደ ጥገና ቤት ስትሄዱ ከዋጋው በፊት «መጀመሪያ ፋይሌን አውጡልኝ» በሉ። ምክንያቱን ሳይነግራችሁ «ፎርማት ነው እንጂ ሌላ አይሆንም» የሚላችሁ ካለ፣ ላፕቶፓችሁን ዘግታችሁ ይዛችሁት ውጡ።