በቶክን የሚገዛ ዋንጫ ለማኅበራችን አይገባም

የስፖርት ኮሚቴያችን በመኝታ ቤቶች መካከል የ«ቶፕ ኢለቨን» ውድድር አዘጋጅቶ ለአሸናፊው በማኅበሩ ስም ዋንጫ ይስጥ የሚል ሐሳብ በማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ተለጥፎ አይተናል። ሐሳቡን ያቀረቡት ወንድሞች ቅን ሰዎች እንደ ሆኑ አልጠራጠርም። ሐሳቡ ግን መጥፎ ነው።

አስቀድሜ ከአንዳንድ መምህራኖቻችን ጋር ልለያይ። እነርሱ በስልኩ የኳስ ቡድን የሚመራ ተማሪ ሁሉ ሰነፍ ነው ይላሉ። አይደለም። ልጆች ሳለን ቆርኪ ደርድረን ቡድን የመራን ሁሉ ዛሬ ዩኒቨርሲቲ ገብተናል። ማንን ላሰልፍ፥ ማንን ላሳርፍ ብሎ መጨነቅ፥ የተጋጣሚንም ድክመት ማጥናት አእምሮን የሚያሠራ ነገር ነው። ከማናውቀው አገር ልጅ ጋር መግጠምም ደስ ይላል። ስለዚህ ክሴ በጨዋታ ላይ ሳይሆን ይህ ጨዋታ በተሠራበት ብልኀት ላይ ነው።

ጨዋታውን ያወጣው ሦስት የሰርቢያ ወጣቶች እ.ኤ.አ. በ2010 በቤልግሬድ ያቋቋሙት ኖርዲየስ የተባለ ኩባንያ ነው። ለሙያቸው ክብር ይገባቸዋል፤ ከትንሽ አገር ተነሥተው ዓለምን አዳርሰዋል፤ ከእኛም አገር እንዲህ ያለ ቢወጣ አጨበጭባለሁ። ታዋቂው አሠልጣኝ ጆዜ ሞሪንዮ እንኳ ለማስታወቂያው ፊታቸውን አውሰዋል። እ.ኤ.አ. በ2021 ደግሞ ቴክ-ቱ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ኖርዲየስን እስከ 378 ሚሊዮን ዶላር በሚደርስ ዋጋ ገዛው። እንግዲህ እንጠይቅ፤ በነጻ የሚታደል ጨዋታ ይህን ያህል የሚያወጣው ምን ቢሸጥበት ነው?

የሚሸጠው ቶክን ነው። አንዱ የውድድር ዘመን 28 ቀን ብቻ ነው፤ በሊጉ 14 ቡድኖች 26 ዙር ይጋጠማሉ፤ ስለዚህ ግጥሚያ የሌለበት ቀን እምብዛም የለም። ተጫዋቹ በየግጥሚያው ይደክማል፥ ጉልበቱም የሚመለስለት በዝግታ ነው። ቶሎ እንዲመለስ የፈለገ ዕረፍት ይግዛ! ሲጎዳ ሕክምና፥ መንፈሱ ሲወድቅ ማበረታቻ፥ ሁሉም ዋጋ ተቈርጦለታል። ጥሩ ተጫዋች ለጨረታ ሲወጣ በየዙሩ ለመጫረት ቶክን ይከፈላል፤ ያለቀበት ይወጣል፥ ያላለቀበት ይወስዳል። ቡድኑ ከፍ ወዳለ ደረጃ ሲሸጋገርም የተጫዋቾቹ ጥራት ዝቅ ተደርጎ ይቈጠርና ሩጫው እንደ ገና ይጀመራል። ድካሙን የፈጠረውና መድኀኒቱን የሚሸጠው አንድ እጅ መሆኑን ልብ በሉ።

«ቶክንና ዕረፍት በነጻም ይገኛል» የሚል መልስ እንደሚመጣ ዐውቃለሁ። እውነት ነው፤ ቁጭ ብሎ ማስታወቂያ ላየ ጥቂት ጥቂት ይሰጠዋል። ይህ ግን በዐይንና በሰዓት የሚከፈል ዋጋ ነው፤ የኢንተርኔቱም ሒሳብ የሚወጣው ከራሳችን ኪስ ነው። ለድኻው ልጅ የተተወለት ይኸው ነው። ባለጸጋው ልጅ ውጭ አገር ያለውን የአጎቱን ካርድ ተውሶ ጉዳዩን በአንድ ምሽት ይጨርሳል። ሁለቱ በአንድ ሊግ ሲገናኙ የተሻለው አሠልጣኝ ማን ነው ብሎ መጠየቅ ቀልድ ነው። ይህንን ልዩነት ከግቢው በር ውጭ ጠግበነዋል፤ ማኅበራችን ዋንጫ ሠርቶ ሊሸልመው አይገባም። ዋንጫው በታየ ጊዜ ደግሞ እስከ ዛሬ ቶክን ገዝቶ የማያውቀው ልጅ ከምሳው ቀንሶ መግዛት ይጀምራል። የመኝታ ቤቱ ክብር ተይዟላ!

ሌላ መንገድ የለም የሚሉ ወዳጆችም አሉ። እ.ኤ.አ. በ1997 በስዊድን የተጀመረውን ሃትሪክን ይመልከቱ። በዚያ የሊግ ግጥሚያ በሳምንት አንድ ነው፤ 8 ቡድኖች እያንዳንዳቸው 14 ጊዜ ይጫወታሉ፤ የውድድር ዘመኑም 16 ሳምንት ይፈጃል። የሚከፍል ሰው ስታትስቲክስና የጌጥ ነገር ያገኛል እንጂ በሜዳ ላይ ብልጫ አይገዛም። መልኩ እንደ ቶፕ ኢለቨን አያምርም፤ ቀርፋፋ ነው፤ ወጣት ተጫዋች ለማሳደግ ብዙ ሳምንት ያስጠብቃል። እኔ ግን ቅርፍፍናውን እወድለታለሁ፤ ፈተና ያለበት ተማሪ ማክሰኞ አሰላለፉን አውጥቶ እስከ ቅዳሜ ሊረሳው ይችላል።

ይህንንም የማይፈልግ ካለ የግቢው ሜዳ አለ። ከግቦቹ አንዱ መረብ የለውም። ኮሚቴው ለዋንጫ ያሰበው ገንዘብ መረብ ይገዛ እንደ ሆነ ቢጠይቅ ደግ ነበር።

ሐሳቡ በሚቀጥለው ጠቅላላ ስብሰባ ሲቀርብ ኮሚቴው ይህን ይመልስልን፤ ዋንጫው በማን መዋጮ ይገዛል? ቶክን የገዛ ተወዳዳሪ ይታገዳል ወይስ አይታገድም? ይታገዳል ከተባለስ የእያንዳንዱን ስልክ የሚመረምረው ማን ነው? ለእነዚህ መልስ ሳይሰጥ ድምፅ ይሰጥ ከተባለ እጃችንን የምናነሣው ለተቃውሞ ነው።