ኃይል በጩኸት አይለካም

በድንበር ላይ የተቆረቆረች ከተማ ጆሮዋ ንቁ ነው። በኬንያ በኩል ባለችው ሞያሌ፣ በሄሉ፣ ሌሊት ድንገት «ጧ» የሚል ድምፅ ሲሰማ ልጆቹን የማይቆጥር አባወራ ጥቂት ነው። ይህም ያለ ምክንያት አይደለም። በመጋቢት ወር 2010 ዓ.ም. በኢትዮጵያ በኩል ባለችው ሞያሌ ሰላማዊ ሰዎች በወታደሮች ጥይት በሞቱ ጊዜ፣ በሺህ የሚቆጠር ሕዝብ ልጆቹን ይዞ ድንበሩን ወደ ኬንያ ተሻግሯል። ያን ጊዜ የሰማ ጆሮ በቀላሉ አይረሳም። ይህንኑ ጆሮ ያለ ጠላትና ያለ ጥይት የሚያሸብር ነገር ቢኖር ማርሚታው የተበላሸ ሞተር ብስክሌት ነው።

እንደሚታወቀው ሁሉ ቦዳ ቦዳ የድንበር ልጅ ነው። ስያሜውም የመጣው በኬንያና በኡጋንዳ መካከል ባለችው በቡሲያ፣ መንገደኛን ከኬላ ወደ ኬላ በብስክሌት ያመላልሱ የነበሩ ወጣቶች በእንግሊዝኛ «ድንበር፣ ድንበር» እያሉ ይጣሩ ስለ ነበር ነው። ዛሬ በሽተኛው ሐኪም ዘንድ፣ ነጋዴው ገበያ የሚደርሰው በዚሁ ሞተር ነው። ስለዚህ ትችታችን በእንጀራቸው ለሚለፉት ወጣቶች ጠላት ሆነን አይደለም። ትችታችን ብዙዎችን ባሳሳተ አንድ እምነት ላይ ነው።

እምነቱም «ማርሚታው ውስጡ ከተቆረጠ ሞተሩ ይተነፍሳል፣ ኃይሉም ይጨምራል» የሚል ነው። በከፊል እውነትነት አለው፤ የተቃጠለው ጋዝ ሳይታፈን ከወጣ አዲሱ አየርና ነዳጅ በቂ ቦታ ያገኛልና። ነገር ግን ጋዙ በቧንቧው ውስጥ የሚሄደው በማዕበል መልክ ነው። ማዕበሉ ከቧንቧው ጫፍ ደርሶ ሲመለስ፣ ቫልቩ ሳይዘጋ ከደረሰ የቀረውን ጭስ ስቦ ያወጣል። ይህን የሚወስነው የቧንቧው ርዝመትና ስፋት ነው። ልኩ ሳይታወቅ የተቆረጠና የሰፋ ቧንቧ ብዙውን ጊዜ የሞተሩን የዝቅተኛ ፍጥነት ጉልበት ይቀንሰዋል። ሁለት ሰውና አንድ ጆንያ ጭኖ ዳገት ለሚወጣ ነጂ ደግሞ የሚያስፈልገው ይኸው ጉልበት ነው።

ድምፅን ማፈን ኃይልን ማፈን አለመሆኑን ወታደር ከማንም በላይ ሊረዳው ይገባል። እ.ኤ.አ. በ1884 ዘመናዊውን መትረየስ የፈለሰፈው ሂራም ማክሲም ጆሮው በመሣሪያ ድምፅ ክፉኛ ተጎድቶ ነበር። ልጁ ሂራም ፐርሲ ማክሲም ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1909 ለጠመንጃ የድምፅ ማፈኛ የባለቤትነት መብት አገኘ፤ ዘዴውንም ለሞተር ጭስ ማውጫ አዋለው። ጥይቱ መንገዱ ሳይዘጋበት በቀጥታ ያልፋል፤ ተከትሎት የሚወጣው ጋዝ ግን በጎንና በጎን ባሉት ክፍሎች ውስጥ ገብቶ ይበርዳል። በጎ ማርሚታም ይህንኑ ይመስላል።

ስለሆነም ማርሚታ ለመለወጥ የፈለገ ሰው በመሃሉ ቀጥ ያለ፣ ዙሪያውን የተበሳሳ ቱቦ ያለውን፣ ቱቦውም ሙቀት በሚችል የመስታወት ክር የተጠቀለለውን ይምረጥ። የቱቦው ስፋት ከሞተሩ ልክ ጋር የተስማማ፣ አካሉም ረዘም ያለ ይሁን። ክሩ በጊዜ ብዛት ስለሚቃጠል መለወጥ አለበት። ቧንቧው ከሞተሩ ጋር የሚገናኝበት ቦታ አየር እንዳያስገባ በሚገባ ይታሰር። ካርቡራተሩም እንደ አዲሱ ማርሚታ ይስተካከል፤ አየር በዝቶ ነዳጅ ሲያንስ ሞተሩ ይግላል፤ ነጂው ጋዝ ሲለቅም ያልተቃጠለው ነዳጅ በቧንቧው ውስጥ ተቀጣጥሎ እንደ ጥይት ይፈነዳል። ከ100 እስከ 150 ሲሲ ባለው ሞተር ላይ የሚገኘው ጭማሪ ግን መጠነኛ ነው። በማርሚታ ብቻ ተአምር እሠራለሁ የሚል ሻጭ ቢመጣ አይታመን። አየር ማጣሪያን ማጽዳት፣ ካንዴላን መለወጥ፣ ቫልቭን ማስተካከል በአነስተኛ ገንዘብ የጠፋ ጉልበትን ይመልሳል።

በመጀመሪያ የሚጎዳውም ነጂው ራሱ ነው። ጆሮ 85 ዴሲቤልን ለስምንት ሰዓት ሊችል ቢችልም፣ በ100 ዴሲቤል የሚፈቀድለት 15 ደቂቃ ብቻ መሆኑን የሙያ ጤና ባለሙያዎች ያስረዳሉ። ቀኑን ሙሉ ኮርቻ ላይ የሚውል ወጣት ሒሳቡን ራሱ ያስላው።

ሕጉም ዝም አላለም። ኬንያ እ.ኤ.አ. በ2009 የድምፅ ብክለት መቆጣጠሪያ ደንብ አውጥታለች፤ በኢትዮጵያም የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 ድምፅን ይመለከታል። ይሁን እንጂ ከሕግ በፊት ሕሊና መቅደም ይኖርበታል። በኬላ የቆመ ዘብ በጨለማ ውስጥ የተኩስ ድምፅ ሲሰማ ለማሰብ የሚኖረው ጊዜ እጅግ አጭር ነው። በዚያች አጭር ጊዜ ውስጥ አንድ ያልታሰረ ቧንቧ የሰው ሕይወት ሊያስጠፋ ይችላል።

ስለዚህ የጋራዥ ባለሙያዎች ማርሚታ ቆርጦ ባዶ ማድረግን እንዲተዉ፣ የቦዳ ቦዳ ማኅበራት አባሎቻቸውን እንዲመክሩ፣ ሞተር የሚነዱ የሠራዊት አባላትም የራሳቸውን አስቀድመው በመመርመር አርአያ እንዲሆኑ አጥብቀን እናሳስባለን። ሳይቃጠል በቅጠል እንዲሉ፣ ዛሬ በአንድ ቁልፍ የሚታሰረው ቧንቧ ነገ በለቅሶ አይመለስም።