ስለ አራዳ ሱቆች መፍረስ

በ2016 ዓ.ም. የአራዳ አሮጌ ሱቆችና ምግብ ቤቶች፣ የዶሮ ማነቂያም ሰፈር ጭምር በፈረሱ ጊዜ፣ የከተማው ሰው በሁለት ወገን ተከፍሎ ተከራከረ። አንዱ «ፒያሳ ጠፋች» ብሎ አለቀሰ፤ ሁለተኛው «ከተማ ብትታደስ ምን ክፉ አለበት» ብሎ መለሰ። እኔ ግን ሁለቱም ዋናውን ነገር ስተዋል እላለሁ።

እናንተ የምታለቅሱ፣ ፒያሳ የሚለውን ስም ያወረሰን ጣልያን አይደለምን? ከቅዱስ ጊዮርጊስ ፊት ይውል የነበረውን የአራዳ ገበያ በወረራው ዘመን አንሥቶ ወደ ምዕራብ ያዛወረውም እርሱ ነው፤ መርካቶ የሚለውም ቃል የእርሱ ነው።

እናንተ የምታድሱ ደግሞ፣ የባለ ሱቅ ሀብቱ ግድግዳው ነውን? በቅኔ ቤት አነጋገር ግድግዳው ሰም፣ ደንበኛው ወርቅ ነው። ባለ ሱቁ ደመወዝ እስኪደርስ ለጎረቤቱ ስኳርና ዘይት በዱቤ ይሰጣል፤ ምግብ ቤቱም ረቡዕና ዓርብ የጾመኛውን ሽሮ ሳይጠየቅ ያቀርባል። ይህ መተማመን በብዙ ዘመን የተገኘ ስለ ሆነ፣ ነጋዴው ከከተማ ዳር ሌላ ቤት ቢሰጠው እንኳ ተከትሎት አይሄድም። በ1967 ዓ.ም. አዋጅ ትርፍ ቤት ሁሉ የመንግሥት ከሆነ ወዲህ ብዙዎቹ የቀበሌ ቤት ተከራዮች ነበሩ፤ ስለዚህ ከፈረሰው ቤት የእኛ ነው የሚሉት አንድ ጡብ አልነበራቸውም። የነበራቸው ደንበኛ ብቻ ነው፤ ደንበኛስ በየትኛው ሚዛን ተመዝኖ ካሣ ይከፈልበታል?

መንገዱ መስፋቱን፣ መብራቱም ማማሩን አልክድም። ነገር ግን በአዲሶቹ ሕንጻዎች ምድር ቤት የሚከፈቱትን ሱቆች ለተነሡት ነጋዴዎች፣ በሚችሉት ኪራይ፣ ከሌላው አስቀድሞ መስጠትን የሚከለክል ሕግ ካለ ያሳዩን።