የቀድሞ ዘመን የጦር ኒሻኖችና ምልክቶች ንግድ

በግንቦት 1933 ዓ.ም. ሶዶ ከፋሺስት ኢጣልያ እጅ ስትወጣ ብዙ የጠላት ወታደሮች ከጄኔራሎቻቸው ጋር እንደ ተማረኩ የታወቀ ነው። ስለዚህ በወላይታ ምድር የኢጣልያ የቆብ ምልክት ወይም ሜዳይ ቢገኝ የሚያስገርም አይሆንም። ነገር ግን ሊገኝ መቻሉ የተገኘው ሁሉ እውነተኛ ነው አያሰኝም፤ እንዲያውም አስመስሎ የሚሠራ ሰው ዕቃውን ለመሸጥ የሚመርጠው ታሪኩ በቀላሉ የሚታመንለትን ቦታ ነው። ከተማዋ በ2015 ዓ.ም. የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል መቀመጫ ከሆነች ወዲህ፣ ወደ አርባ ምንጭ ከሚያልፈውም መንገደኛ ጋር፣ አሮጌ ነገር የሚጠይቅ እንግዳ ወደ ሱቅ ብቅ ማለቱ አይቀርም።

የድሮ ነጋዴዎች በዚህ ረገድ የሚናቁ አልነበሩም። የማሪያ ቴሬዛ ብር በላዩ የተጻፈበት ዓመት በአውሮፓ አቈጣጠር 1780 ሲሆን፣ ከዚያ በኋላ ከመቶ ኀምሳ ዓመት በላይ በቪየና፣ በሮማ፣ በሎንዶንና በሌላም ከተማ ሲታተም ኖሯል። ነጋዴው ዓመቱን አይቶ አልተቀበለም፤ የንግሥቲቱን ጌጥ ዕንቊ ቈጠረ፣ ብሩን በእጁ መዘነ፣ ድምፁን አዳመጠ እንጂ።

ለጦር ምልክትም የሚያስፈልገው ይኸው ትዕግሥት ነው። በማተሚያ ብረት ተመትቶ የወጣ እውነተኛ ምልክት መስመሩ የጠራ፣ ጠርዙ የተቈረጠ ይሆናል። ከእውነተኛው ቅርጽ ተወስዶበት በቀለጠ ብረት የፈሰሰው ግን ፊቱ የደበዘዘ ነው፤ በማጉያ መነጽር ሲታይ ጥቃቅን የአየር ቀዳዳዎች፣ በጠርዙም ዙሪያ የመጋጠሚያ መስመር ይገኝበታል፤ ብረት ሲቀዘቅዝ ስለሚኰማተርም መጠኑ ከእውነተኛው ጥቂት ያንሳል። እርጅናውም ይመርመር። በልብስ ላይ የኖረ ምልክት የሚያልቀው ከፍ ባለው ገጹ ነው፤ በአሲድ ወይም በአፈር ያረጀው ግን ጕድጓዱም ጕብታውም እኩል ይጠቁራል። የሪባኑ ክር በአልትራቫዮሌት መብራት ሥር ነጭ ሆኖ ቢያበራ፣ ሪባኑ ከ1940ዎቹ በፊት የተሠራ መሆኑ ያጠራጥራል። ሪባን ሊለወጥ ስለሚችል ግን በዚህ ብቻ ሜዳዩን መጣል ፍርደ ገምድልነት ነው።

የኢትዮጵያ ኒሻኖች ጕዳይ ከዚህ ይለያል። በንጉሠ ነገሥቱ ዘመን ከተሠሩት ብዙዎቹ አዲስ አበባ ከነበረው ከሴቫጂያን ቤት፣ ሌሎቹም ከሎንዶኑ ከማፒን ኤንድ ዌብና ከፓሪሱ ከአርቱስ ቤርትራን የወጡ ናቸው፤ የሠሪው ስም በጀርባ ቢገኝ መልካም ነው፤ ሆኖም ስምም እንደ ፊቱ ይቀዳል። ኢትዮጵያዊው ነጋዴ ከውጭው ሰብሳቢ የሚበልጥበት ነገር ቢኖር ፊደሉን ማንበቡ ነው። በኮሪያ ለዘመቱት ለቃኘው ሻለቆች የተሰጠው የተባበሩት መንግሥታት ሜዳይ በዐማርኛ የተጻፈ ነው። ፊደሉን የማያውቅ ቀጅ የ«ሰ»ን እግር ያሳጥራል፣ የ«ሩ»ን ቅጥል ይስታል፤ ይህንንም አንባቢ ወዲያው ያየዋል። እውነተኛውም ቢሆን በባዕድ እጅ ሊቀረጽ ስለሚችል፣ የፊደሉ አለማማር ከብረቱ ምስክርነት ጋር ካልተባበረ ብቻውን አይበቃም።

ቅጂ መሸጥ ነውር አይደለም። ለቴአትር፣ ለበዓል ሰልፍ፣ ለትምህርት ቤት ይፈለጋል፤ በደረሰኙ ላይ «ቅጂ» ተብሎ ከተጻፈ ገዢም ሻጭም አይጣላም። ነውሩ ዝምታው ነው፤ ገዢው ሲሳሳት እያዩ «እኔ እውነተኛ ነው አላልኩም» ማለት።

እውነተኛው በእጅ ሲገባ ደግሞ ሌላ ጥያቄ ይነሣል። በቅርስ አጠባበቅ አዋጅ ቍጥር 209/1992 መሠረት ቅርስ ያለ ፈቃድ ከአገር አይወጣም፤ ላኪውም ዕቃውን ከመጫኑ በፊት ቅርስ መሆን አለመሆኑን በሥልጣን ባለው መሥሪያ ቤት ማስመርመር ይገባዋል። የአርበኛ ልጅ የአባቱን ሜዳይ በችግር ምክንያት ይዞ ሲመጣ፣ ባለሱቁ ዋጋ ከመቍረጡ በፊት አብሮት የተሰጠ የምስክር ወረቀት እንዳለ ይጠይቀው። ወረቀቱ ካለ ሁለቱ አይለያዩ፤ ሜዳዩም ለሙዚየም ሊሰጥ ወይም በአደራ ሊቀመጥ እንደሚችል አስቀድሞ ይንገረው።