ሙዚቃ ወይስ ጩኸት?

በሙዚቃ እየተመራ ቀለሙን የሚለዋውጠው የኤል.ኢ.ዲ. ጥብጣብ መብራት ከጭፈራ ቤት ወጥቶ ሳሎን ገብቷል። ሻጮቹ «ሙዚቃን በብርሃን ይተረጉማል» ይሉለታል። ይህ አባባል ፍጹም የተሳሳተ ነው። ርካሹ መቆጣጠሪያ በማይክሮፎኑ የገባውን የድምፅ ኃይል ይለካል እንጂ ዜማ አይለይም፤ ለከበሮ እንደሚዘል ሁሉ ለበር መንኳኳትም ይዘላል። በለሆሳስ የሚደረደር በገና ፊት ግን ፈዞ ይቀራል። በዚህ ብርሃን ሥር የሚያድግ ሕፃን ጥሩ ሙዚቃ ማለት የሚጮኸው ነው ብሎ ቢማር ማን ይወቀሳል?

ሩሲያዊው የሙዚቃ ደራሲ አሌክሳንደር ስክሪያቢን እ.ኤ.አ. በ1910 ባጠናቀቀው «ፕሮሜቴዎስ» ለብርሃን ራሱን የቻለ የኖታ መስመር ጽፎለታል። ቀለሙን የወሰነው የጥበብ ሰው አእምሮ እንጂ የድምፁ መጉላት አልነበረም።

«ታዲያ ዕቃው ይጣል?» የሚል ይኖራል። አይጣል፤ ይገራ እንጂ! ድምፁ በማይክሮፎን ሳይሆን ከማጫወቻው በቀጥታ በሽቦ ይግባ። ወፍራሙና ቀጭኑ ድምፅ ተለይቶ ለየራሱ ቀለም ይሰጠው፤ የትኛው ለየትኛው እንደሚስማማ የሚፈርደው አድማጩ ነው።

የኤሌክትሪኩ ጣጣ ደግሞ ሌላ ነው። ነጩ ብርሃን ጥብጣቡ መጨረሻ ላይ ወደ ቀይ ሲያደላ ብዙዎች መቆጣጠሪያውን ይረግማሉ። ጥፋቱ ግን የኃይል ማነስ ነው። በ5 ቮልት የሚሠራ፣ በሜትር 60 አምፖል ያለው የተለመደ ጥብጣብ በሙሉ ነጭ ሲበራ በሜትር እስከ 3.6 አምፔር ይስባል፤ 5 ሜትሩ 18 አምፔር መሆኑ ነው። በቀጭኑ መዳብ ላይ ቮልቱ እየወረደ ሲሄድ አስቀድሞ የሚደክመው ሰማያዊው ነው። ስለዚህ ኃይሉ በሁለቱም ጫፍ ይሰጥ፤ የመቆጣጠሪያውና የኃይል ምንጩ አሉታዊ ሽቦም ይገናኝ። አለዚያ መብራቱ ዘፈን በሌለበትም ይርገበገባል፤ ባለቤቱም «ስልቱን ያዘው» ብሎ ያጨበጭባል።