ከወንድማችን ማሳ ድርሻ እንጠይቅ ወይ?

የክረምቱ ዕረፍት አልቆ ወደ ትምህርታችን ስንመለስ ሁላችንም ከየአገራችን የሰማነውን ወሬ ይዘን መጥተናል። በመኝታ ክፍላችን እስከ እኩለ ሌሊት ያነጋገረን ግን ከምሥራቅ ጎጃም የመጣው ጓደኛችን ያመጣው ነገር ነው። ወላጆቹ ሁለቱም አርፈዋል። ከቅድመ አያት ጀምሮ ሲወርድ የመጣው ማሳ አራት ጥማድ፣ ማለት አንድ ሄክታር ያህል ነው። የሚያርሱት ታላቅ ወንድሙና የወንድሙ ሚስት ናቸው። አሁን ከተማ የገቡት ልጆች ድርሻችን ይለይልን ብለዋል፤ ጓደኛችንም ከጠያቂዎቹ አንዱ ነው። እኛ መጠየቅ አይገባውም ብለን ተከራከርነው። ክርክሩ ብዙዎቻችሁን የሚነካ ስለ መሰለን፣ እርሱም ስለ ፈቀደ፣ እነሆ ጽፈነዋል።

መቼም ከገበሬ ቤት የወጣን ሁሉ የእርሻን ሥራ እናውቃለን እንላለን። የብዙዎቻችን ዕውቀት ግን ጥጃ ከመጠበቅ አያልፍም። ለጤፍ መሬቱ አራትና አምስት ጊዜ ይታረሳል። የጓደኛችን ወንድም ያለው አንድ በሬ ስለ ሆነ ከጎረቤት ጋር ይቀናጃል፤ ለራሱ ማሳ አንድ ቀን ሲያርስ ለባልንጀራውም አንድ ቀን ያርሳል። ሚስቲቱስ? ገበሬ ሲባል በዓይናችን ላይ የሚመጣው ሞፈር የተሸከመ ወንድ ነው። ነገር ግን ዘሩን መርጣ በጎታ የምታስቀምጥ እርሷ ናት፤ በጭቃው አጎንብሳ የምታርም እርሷ ናት። ኅዳር ላይ ጤፉ ሲደርስ ያለ ወቅቱ የሚመጣ ዝናብ እንዳያበላሸው ፈጥኖ አጭዶ የሚሰበስበው ደቦ ነው። ደቦ ደግሞ ያለ ጠላና ያለ እንጀራ አይጠራም። ጌሾውን የወቀጠው፣ ብቅሉን ያበቀለው፣ እንጀራውን የጋገረው ማን ነው?

ይህች ሴት በዚህ ማሳ ላይ ከዐሥር ዓመት በላይ ሠርታለች። ስሟ ግን በይዞታ ደብተሩ ላይ የለም። በአማራ ክልል የይዞታ ማረጋገጫው በባልና በሚስት ስም መሰጠቱ ትልቅ ነገር መሆኑን አንክድም፤ ይሁንና ይህ ደብተር የአማቶቿ ነው። ክፍያ ሲመጣ የሚቆጠሩት የሟች ልጆች ናቸው። ለፈተና ስናጠና የከረምነው እንቆጠራለን፤ እርሷ አትቆጠርም።

ደግሞስ ተካፈሉ እንበል። ጓደኛችን አንድ ጥማዱን ተቀብሎ ምን ያደርገዋል? በሬ የለው፣ ጊዜ የለው። ለዚያው ለወንድሙ የእኩል ይሰጠዋል። ወንድምየውም በአባቱ ማሳ ላይ ካመረተው ግማሹን ለታናሹ ሰፍሮ ሊልክ ነው። በየካቲት 1957 ዓ.ም. ከእኛ በፊት የነበሩ ተማሪዎች «መሬት ላራሹ» ብለው አደባባይ የወጡት ለዚህ ነበር ወይ? በጎጃም የነበረው በብዛት ርስት እንጂ የደቡቡ ዓይነት ጭሰኝነት አይደለም የሚለን ይኖራል፤ እውነት ነው። ርስትም በአባትም በእናትም ስለሚቆጠር ርቆ የኖረ ሰው ተመልሶ ሊሟገትበት ይችል ነበር። የ1967ቱ አዋጅ የገጠርን መሬት ሁሉ የሕዝብ ሲያደርግ ያ ሙግት አብቅቷል ብለን ተምረናል። በ1997 ዓ.ም. የወጣው የገጠር መሬት አዋጅም (በ2016 በሌላ ተተክቷል) የቤተሰብ አባል ያለው ከባለ ይዞታው ጋር በቋሚነት እየኖረ መተዳደሪያውን የሚጋራውን ነበር። ነገር ግን ክርክራችን የሕግ አይደለም። ሕግ የሚፈቅደው ሁሉ ከወንድም ይጠየቃል ወይ ነው።

ጓደኛችን የሚመልሰው ከባድ ነው። «ተመርቄ ሥራ ባጣስ?» ይላል። በዚህ ማናችንም አልሳቅንም። ሆኖም አንድ ጥማድ ሥራ ያጣ ምሩቅን አያኖርም፤ ከአራቱ ላይ ሲነሣ ግን የአንድን ቤት ጎተራ ያጎድላል። እኅቱ ግን ሌላ ናት። ትዳሯ ፈርሶ ልጅ ይዛ ወደዚያው ቤት ተመልሳለች፤ ደመወዝም የትምህርት ማስረጃም የላትም። ለእርሷ ይለይላት ስንል ከመካከላችን ሁለቱ አልተስማሙም፤ የቀረነው ግን ከዚህ አንለወጥም።

እንግዲህ ጓደኛችን ድርሻውን በጽሑፍ፣ በሽማግሌ ፊት እንዲተው ጠይቀነዋል፤ በጽሑፉም ላይ ከወንድሙ ስም ጋር የሚስቲቱ ስም እንዲገባ። ከእናንተም መካከል እንዲህ ያለ ጉዳይ በቤቱ ያለበት፣ በተለይም የማይስማማን፣ ቢጽፍልን እናወጣለታለን። ጓደኛችን ደብዳቤውን ጀምሮታል፤ ይህ ጽሑፍ እስከ ተባዛበት ቀን ድረስ ግን አልፈረመበትም።